የትል እናት

ጥያቄው የመጣው ፀጉሯን ስሠራት ነው። ቅዳሜ ማታ፣ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ቤታችን ውስጥ፣ ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አስቀምጠን በፍላሽ ያመጣሁላትን ስኖው ዋይትን እናያለን። እኔ ሶፋው ላይ፣ እሷ ምንጣፉ ላይ በጉልበቶቼ መሃል። እንግሊዝኛውን የምተረጉምላት እኔ ነኝ። ንግሥቲቱ መስታወቷን ስታናግር፣ "ይቺ እንጀራ እናቷ ናት" አልኳት። የደነገጥኩት ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ሳትዞር፣ "እታለም፣ አንቺም የኔ እንጀራ እናት ነሽ አይደል?" አለች።

ሦስተኛው ሹሩባ ላይ ነበርኩ። ጣቶቼ እዚያው ቆሙ። "አዎ፣ ነኝ" አልኳት።

"እንጀራ ስለምትጋግሪልኝ?"

"አዎ።"

በቃት። ፊልሟን ቀጠለች። እኔን ግን ሌሊቱን ሙሉ አልለቀቀኝም።

እናቷ ስትሞት ሁለት ዓመቷ ነበር። እኔ ቤቱ ስገባ አራት። አሁን ሰባት ሞላት። ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት ላስመዘግባት ስሄድ "ወላጅ ነሽ?" ተባልኩ። መልሱ ሲዘገይብኝ፣ ከኋላዬ የተሰለፈች ሴት "እንጀራ እናቷ ናት" ብላ መለሰችልኝ። በክፋት አልነበረም ይሆናል። ግን እዚያ የነበሩት ሁሉ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ቁስል የሚፈልጉ ይመስል ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ የልጆቹን ፊልሞች በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። የባምቢን እናት አዳኝ ይገድላታል። የኔሞ እናት ፊልሙ ገና ሲጀምር በትልቅ ዓሣ ትጠፋለች። የፍሮዝን እህትማማቾች ወላጆች ከነመርከባቸው ይሰጥማሉ። ምክንያቱ ይገባኛል። እናት ካለች "ወዴት ነው? ነጠላ ጫማሽን አድርጊ፤ ሳይመሽ ተመለሺ" ትላለች። ልጅቷ ከግቢ አትወጣም፤ ታሪኩም አይጀመርም። አንዳንዶች ዋልት ዲስኒ የራሱን እናት በማጣቱ ነው ይላሉ። ይህ ግን በጊዜው አይገጥምም። ስኖው ዋይት የወጣው በ1937 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፤ የዲስኒ እናት የሞቱት በ1938። ተረቶቹ ደግሞ ከእሱ እጅግ ይቀድማሉ። ሴት በወሊድ የምትሞትበት፣ አባት ቶሎ ሌላ የሚያገባበት ዘመን ነበር።

አንድ ነገር ግን አልጋዬ ላይ ቁጭ አደረገኝ። ጀርመናውያኑ ተረት ሰብሳቢ ወንድማማቾች ግሪም የስኖው ዋይትን ተረት መጀመሪያ ያሳተሙት በ1812 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ እትም ላይ ልጅቷን ለማስገደል አዳኝ የምትልከው የገዛ ወላጅ እናቷ ናት። በ1819 በወጣው ሁለተኛ እትም ግን እናትየው በወሊድ ትሞታለች፤ በእሷ ቦታ እንጀራ እናት ትገባለች። ክፋቱ ያው ነው፤ የተቀየረው ሰውየው ብቻ ነው። እናት እንዲህ አታደርግም ብለው ይሆናል። እናት አታድርግ፤ እሺ። ግን ለምን ወደኛ?

በማግስቱ ዘጌ ሄድን። አባቷ ጀልባ ነው የሚነዳው፤ የዘጌን ሰውና ቱሪስት ያመላልሳል። የሟች እናት፣ የልጅቷ አያት፣ እዚያ ነው የሚኖሩት። አንድ ሰዓት ገደማ በውሃ ላይ ሄደን ስንደርስ እማማ ከጓሯቸው የተለቀመ ቡና እየቆሉ ነበር። ልጅቷ ተረት አለቻቸው።

"ተረት ተረት!"

"የላም በረት!" አለች እየዘለለች።

እናቷ ስለሞተችባት አንዲት ልጅ ነው የተረቱት። በልጅነቴ የሰማሁት ስለሆነ መጨረሻውን አውቀዋለሁ። አንገቴን ደፍቼ ስኒ ማጠቤን ቀጠልኩ። እማማ መቁያውን እያወዛወዙ "ከዚያ እንጀራ እና…" ብለው አቆሙ። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣ "ከዚያ አንዲት ክፉ ጎረቤት መጣች" ብለው ቀጠሉ።

ልጃቸውን የቀበሩ ሰው ናቸው። ቢጠሉኝ ማን ይፈርድባቸዋል? ቡናው እንዳያርባቸው መቁያውን እንደያዙ ከአፋቸው የወጣውን ቃል ዋጡልኝ። አቦሉን ስጠጣ ጉሮሮዬ እንደተዘጋ ነበር።

ታና ከሰዓት በኋላ ሳይነሳ ብለን በጊዜ ተመለስን። ማታ ላየን ኪንግን ከፈተች። ሙፋሳ ሞተ። ሲምባ አባቱን በአፍንጫው እየገፋ "ተነሳ" ይለዋል። ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ላይ አያታለሁ። አታለቅስም። እዚያች ላይ ሆና የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

"ማታ ማን አበላው?"

ፊልም ሠሪዎቹ ሞቱን በደቂቃዎች ያልፉታል፤ ለሷ ግን ዋናው ነገር ከሞቱ በኋላ ያለው እራት ነው። ያኔ ለእሷም እራት የሰጣት ሰው ነበረ። አባቷ፣ እማማ፣ ጎረቤት። ኋላ ደግሞ እኔ።

"ቆይ፣ ታያለሽ" አልኳት። ሲምባን የሚያሳድጉት ቲሞንና ፑምባ መጡ። ግንዱን አንስተው ትሉን ሰጡት። ፊቷን አጨማደደች፤ ከዚያ ሲምባ ሲውጠው ሳቀች።

"እነሱ እንጀራ እናቶቹ ናቸው?"

"ይመስለኛል።"

ትንሽ አሰበች። "እንጀራማ የላቸውም። የትል እናቱ ናቸው።"

አባቷ ቀረሶ ዓሣ ይዞ መጥቶ ነበር። ላፕቶፑን ዘግተን ማዕድ ቀረብን። እሾኹን እየለቀምኩ አጎረስኳት። ሁለተኛውን ጉርሻ ሳትውጥ ሦስተኛውን ጠየቀችኝ።