5 ሜጋባይት በ1,500 ዶላር

ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ስትፈተሽ የዋለችው ሚሞሪ ካርድ ጥፍር ታክላለች፤ የምትይዘው 64 ጊጋባይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሲጌት የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ባለ 5.25 ኢንች ሀርድ ዲስክ፣ ኤስቲ-506ን፣ ሲያወጣ መጠኑ 5 ሜጋባይት፣ ዋጋው 1,500 ዶላር ነበር። በዚያ ሂሳብ 1 ጊጋባይት 300,000 ዶላር ይመጣል! የአምስት ደቂቃ ኤምፒስሪ ዘፈን አንድ ብቻ ቢጫንበት ዲስኩ ጢም ይላል።

የሚሞሪ ካርድ ዋጋ የወረደው ውስጡ ባለው ቺፕ ላይ የሚታጨቀው መረጃ ስለበዛ ነው። ድሮ አንድ ሴል፣ ማለትም መረጃ የሚቀመጥባት የቺፑ ትንሿ ክፍል፣ 1 ቢት (አንድ 0 ወይም 1) ይይዝ ነበር፤ አሁን 3 ወይም 4 ይጭኑበታል፣ ሴሎቹንም እንደ ፎቅ ይደራርቧቸዋል። ዕዳው ታዲያ ቢት በበዛ ቁጥር ሴሉ ቶሎ ማርጀቱ ነው። የሰርግና የክርስትና ፎቶ አንድ ካርድ ላይ ብቻ አታስቀምጡ፣ እባካችሁ።

የባሰው ጣጣ ሐሰተኛው ካርድ ነው። የ8 ጊጋ ቺፕ ኮንትሮለሩ (ካርዱን የሚቆጣጠረው ክፍል) ተነካክቶ 512 ነኝ ይላል፤ ስልኩም ያምነዋል። 8ቱ እስኪሞላ ሰላም ነው። ከዚያ በኋላ የገባው ፋይል ስሙ ይታያል፣ ሲከፈት ግን የለም። ፎርማት ማድረግ አያድነውም።

መፈተሻው በዊንዶውስ ኤችቱቴስትደብሊው (H2testw)፣ በሊኑክስ ኤፍስሪ (F3) የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ካርዱን ባዶ አድርጉት፣ ፕሮግራሙ እስከ አፉ ይሙላው፣ ከዚያ መልሶ ያንብበው። 64 ጊጋ በሴኮንድ 20 ሜጋባይት ሲጻፍ መጻፉ ብቻ ከ50 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚጨረስ ስላልሆነ፣ ካልሰራ እንደምትመልሱ ከሻጩ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ።