ዲስኮ ያልሆነው የዲስኮ ምሽት

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ ለሠርግ፣ ለልደትና ለክርስትና የድምፅ ዕቃ የሚያከራይ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። እኔ ስፒከሩና ሚክሰሩ ላይ ነኝ። ዘፈን መምረጥ የዲጄው ድርሻ ነው። ዲጄያችን እዚሁ አሜሪካ ያደገ፣ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ነው። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ጆሮውም እንደዚያው። «ጋሼ» እያለ ይጠራኛል፣ ስንጣላም ጭምር።

አንድ ቅዳሜ ከሐበሻ ውጭ የሆነ ሥራ መጣልን። ሰባ ዓመት የሞላቸው የአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት ልደት ነው። ሴት ልጃቸው ለአለቃችን ደውላ የሰጠችው ትዕዛዝ አጭር ነበር። ዲስኮ ብቻ፣ ሌላ ምንም እንዳይቀላቀል። አለቃችን ደግሞ ለልጁ «የሰባዎቹን ዘፈን ሰብስብ» ብሎ አስተላለፈው። ነገሩ የተበላሸው እዚህች ጋ ነው። ደንበኛዋ ያዘዘችው የሙዚቃ ዓይነት፣ ልጁ ጋ የደረሰው ዓመተ ምሕረት።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። ሲለቅም ነው የሰነበተው። ጄምስ ብራውን አለ። ሞታውን የሚባለው የሙዚቃ አሳታሚ ዘፋኞች አሉ። ማይክል ጃክሰን አለ። ዘገም ያሉ የፍቅር ዘፈኖችም አልቀሩም። እኔም የመስታወቷን ኳስ ጣሪያው ላይ ሰቅዬ መብራት አበራሁባት። አዳራሹን ላየው ሰው ከዚህ የበለጠ ዲስኮ አይገኝም።

ራት ተበልቶ ሙዚቃው ተለቀቀ። ሰዉ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ጣቱን ያጮሃል፣ ፈገግ ይላል። የሚነሣ ግን የለም። የተነሣውም ትንሽ ወዝወዝ ይልና ተመልሶ ቁጭ። ልጁ ዘፈን ቀየረ። ያው ነው። ደግሞ ቀየረ። ላብ ላብ ይለው ጀመር። «ጋሼ፣ ድምፁ አንሷል እንዴ?» አለኝ። ድምፁ አላነሰም። ባለልደቷ ግን ወደ እኛ በኩል አየት እያደረጉ ነበር፤ እንዲህ ያለው አስተያየት በሥራችን የታወቀ ነው።

በዚህ መሀል ነጭ ኮት የለበሱ አንድ ሽማግሌ ወደ ጠረጴዛችን መጡ። «ልጄ፣ የምታጫውተውን ሁሉ እወደዋለሁ። ዲስኮ ግን ገና አልጀመርክም» አሉት።

ልጁ ሞገደኛ ነው። ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዞረና «ይሄ የ1974 ነው፣ ይሄ የ1976 ነው» እያለ ማሳየት ጀመረ። ሽማግሌው ስክሪኑን ዞር ብለውም አላዩት። ጠረጴዛውን በጡጫቸው መታ መታ ያደርጉት ጀመር። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። እኩል፣ አንዱ ካንዱ የማይበልጥ። ቀጥለው በግራ እጃቸው ጣቶች በየዱሙ መሀል «ጢስ» ጨመሩበት። ዱም ጢስ፣ ዱም ጢስ። «ይሄ ካለ ዲስኮ ነው። ከሌለ ሌላ ጥሩ ዘፈን ነው» አሉ።

አንድ ነገር ላስረዳ። እነዚህ ዘፈኖች ሁሉ የሚቆጠሩት በአራት ነው። ልዩነቱ በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ የቱ ላይ ያርፋል የሚለው ነው። በሮክ ብዙውን ጊዜ አንድና ሦስት ላይ ያርፋል፣ ስኔሩ፣ ማለት ጠንከር ያለ ሹል ድምፅ ያለው ትንሹ ከበሮ፣ ደግሞ ሁለትና አራት ላይ ይመልስለታል። ፈንክ፣ ማለት የጄምስ ብራውን ዓይነት ሙዚቃ፣ የመጀመሪያዋን ምት ጫን ይላትና የቀረውን ቆራርጦ ይበትነዋል። ጄምስ ብራውን ሙዚቀኞቹን የሚያስጨንቃቸው በዚህችው በ«አንድ» ነበር። ለዚህ ነው ፈንክ ወገብ የሚያስይዘው፤ የት ላይ እንደምትወርድ ማወቅ አለብህ። ዲስኮ አራቱንም ይመታል። ሃይሃቱ፣ ማለት በእግር የሚከፈትና የሚዘጋው ጥንድ ጸናጽል፣ በየመሀሉ ይከፈታል። ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት አካባቢ ነው። ጎበዝ ጨፋሪ መሆን አያስፈልግም። እግርህ መቼም ቢወርድ ከበሮው እዚያው ይጠብቅሃል። የሰባ ዓመት ሰው በዚህ ሰዓት የሚፈልገው ይሄንን ነው።

ፍጥነቱን ብቻ ያየም ይሳሳታል። የማይክል ጃክሰንን «ቢሊ ጂን» እንውሰድ። በደቂቃ 117 ምት ገደማ ነው፤ በፍጥነት ቢሆን ያልፍ ነበር። ከበሮው ግን አንድና ሦስት ላይ ነው የሚያርፈው። ያው ማይክል በ1979 ያወጣው «ዶንት ስቶፕ ቲል ዩ ጌት ኢናፍ» ደግሞ ዲስኮ ነው። ልጁ የሰባዎቹ ባይሆንም የመጀመሪያውን አስገብቶ ሁለተኛውን ትቶታል።

ሽማግሌው የፊላደልፊያ ሰው ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያወሩት ሁሉ ስለ ከተማቸው ሆነ። በደንብ አዳመጥኳቸው፣ ምክንያቱም ትክክል ናቸው። ዲስኮ ሲባል ሁሉም ሰው ኒውዮርክን ነው የሚያስበው። ምቱን መልክ ካስያዙት ሰዎች ግን ግንባር ቀደሙ የፊላደልፊያው ከበሮ መቺ ኧርል ያንግ ነው። በ1973 በወጣው የሃሮልድ ሜልቪን ኤንድ ዘ ብሉ ኖትስ «ዘ ላቭ አይ ሎስት» ላይ ያ አራት እኩል ምትና ያ ክፍት ሃይሃት ጥርት ብለው ይሰማሉ። ዘፈኑን የጻፉት ኬኒ ጋምብልና ሊዮን ሃፍ ናቸው። የተቀዳው እዚያው ፊላደልፊያ፣ ሲግማ ሳውንድ ስቱዲዮ ነው። እነዚህ ሰዎች ከበሮና ጊታር ብቻ ይዘው አልገቡም። ቫዮሊኑ በርከት ብሎ፣ ነሐሱ በርከት ብሎ፣ ቤዝ ጊታሩ ዝም ብሎ በማጀብ ፈንታ በራሱ ዜማ እየሄደ ነው የሚቀዱት። ከላይ ኦርኬስትራ፣ ከታች የማያቋርጥ እግር። ዲስኮን ከሌላው የሚለየው ይሄ ጥምረት ይመስለኛል። በኋላ የመጣው ሃውስ ሙዚቃ እግሩን እንዳለ ይዞ ኦርኬስትራውን በማሽን ተካው።

«እስቲ እሱን አጫውት» አሉት። ልጁ ነበረው። ሊለቀው ሲል ሽማግሌው ደቂቃውን አዩና እጁን ያዙት። ለሬዲዮ የተቆረጠው ነበር። «ረጅሙን!» ረጅሙ ከስድስት ደቂቃ በላይ ነው። ልጁ ከኢንተርኔት እስኪያወርደው ድረስ ማይክራፎን አንሥቼ ስለ ኬኩ ትንሽ ቀባጠርኩ።

ረጅሙ ሲለቀቅ ባለልደቷ ራሳቸው ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ ማን ይቀመጣል? ዘፈኑ ሳያልቅ ወንበሩ ግማሽ በግማሽ ባዶ ሆነ።

የረጅሙና የአጭሩ ነገር ቀላል አይደለም። የሬዲዮ ዘፈን ሦስት ደቂቃ ነው፤ ሲቆረጥ የሚጣለው ዘፋኙ ዝም የሚልበት፣ ከበሮና ቤዝ ብቻ የሚቀሩበት የመሀሉ ክፍል ነው። ለጨፋሪው ደግሞ ዋናው እሱ ነው። ዲስኮን በሬዲዮ ልክ ቆርጦ ማጫወት አቦል ብቻ ጠጥቶ እንደመነሣት ነው። ይህን ቀድሞ ከገባቸው አንዱ ቶም ሞልተን የተባለ የኒውዮርክ ቀላቃይ ነው። ጨፋሪው ገና ሲሞቀው ዘፈኑ ያልቃል ብሎ ማስረዘም ጀመረ። በ1975 በወጣው የግሎሪያ ጌይነር አልበም የአንዱን ፊት ዘፈኖች ሳይቋረጡ አንድ ላይ አገናኛቸው። የአሥራ ሁለት ኢንች ሸክላም የመጣው ከዚሁ ጣጣ ነው። ሸክላው ሲሰፋ መስመሮቹ ይራራቃሉ፤ ሲራራቁ ቤዙ ከፍ ብሎ ይቀዳል። ለመሸጥ የወጣው የመጀመሪያው በ1976 የደብል ኤክስፖዠር «ቴን ፐርሰንት» ነው። ዲጄው ዋልተር ጊበንስ የሦስት ደቂቃውን ዘፈን ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ አደረሰው። ሙዚቃው የተሠራው ለጭፈራ ቤት፣ ያዘዘው ደግሞ ዲጄው ማለት ነው። ቀድሞ ዘፈን ከስቱዲዮ ወደ ሬዲዮ ነበር የሚሄደው። ዲስኮ መንገዱን ገለበጠው።

ለዚህ አንዱ ማስረጃ ከእኛው አህጉር ነው። የካሜሩኑ ማኑ ዲባንጎ በ1972 ያወጣው «ሶል ማኮሳ» አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ ያነሣው ሬዲዮ አይደለም። ዴቪድ ማንኩሶ የተባለ ሰው ኒውዮርክ መኖሪያ ቤቱ ውስጥ በሚያዘጋጀው ጭፈራ ላይ ያጫውተው ነበር፤ ከዚያ ነው የተዛመተው። የማንኩሶ ቤት ታዳሚዎች ጥቁሮች፣ ላቲኖችና ግብረ ሰዶማውያን ነበሩ። ሌላ ቦታ በር ላይ የሚመለሱ ሰዎች ናቸው።

ወደ ሥራችን ልመለስ። ሰዉ ከተነሣ በኋላ ሌላ ጣጣ መጣ። ልጁ እንደ ዛሬ ዲጄዎች ሁለት ዘፈን የሚያገናኘው በሲንክ ቁልፍ ነው። ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን ለክቶ ያጋጥምለታል። የዚያ ዘመን ዘፈን ግን እምቢ ይላል። ከበሮውን የመታው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይሞቀዋል፣ ሲሞቀው ይፈጥናል። መጀመሪያ ላይ የተለካው ፍጥነት አምስተኛው ደቂቃ ላይ የለም። ሁለቱ ከበሮዎች ተላቀቁና እንደ ጋሪ ፈረስ መንኳኳት ጀመሩ። ሽማግሌው ሳቁ። ልጁ ሲንኩን አጥፍቶ ማዳመጫውን አንድ ጆሮው ላይ ደፍቶ በእጁ ገባበት። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሌሊት በጣም አሪፍ ሠራ።

ከማሽን የተሠራ ዲስኮ የለም ማለቴ አይደለም። ዶና ሰመር በ1977 የዘፈነችው «አይ ፊል ላቭ» ከፕሮዲውሰሮቹ ከጆርጆ ሞሮደርና ከፒት ቤሎት ጋር ሙኒክ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ቫዮሊን የሚባል የለበትም፣ ሲንተሳይዘር ነው። ትልቁን ከበሮ ግን ከበሮ መቺው ኪዝ ፎርሲ በእግሩ መታው። ማሽኑ የሚበቃ ድምፅ ሊያወጣላቸው አልቻለም።

ዕቃ ስናወርድ ሽማግሌው አጠገባችን ቆመው ስለ 1979 አነሡ። ሐምሌ ውስጥ ቺካጎ ኮሚስኪ ፓርክ በሚባለው የቤዝቦል ሜዳ ዲስኮ የሚጠላ አንድ የሬዲዮ አቅራቢ የዲስኮ ሸክላ በፈንጂ አፈንድቶ ነበር። ሸክላ ይዞ ለመጣ መግቢያው 98 ሳንቲም። ሕዝቡ ሜዳው ውስጥ ገባ፣ የዕለቱ ሁለተኛው ጨዋታ ሳይደረግ ቀረ፣ የቺካጎው ቡድን በፎርፌ ተሸነፈ። ሽማግሌውን እስከ ዛሬ የሚያበሳጫቸው ፈንጂው አይደለም። ከመጣው ሸክላ ውስጥ ዲስኮ ያልሆነ የጥቁር ሙዚቃ ሞልቶበት ነበር፤ ሶልም ፈንክም። «መለየት አልቻሉም፣ መለየትም አልፈለጉም» አሉ። ልጁ ይሄን ሲሰማ ዝም አለ። ያንኑ መደባለቅ በደግ ልብ ሲሠራ ነበር ያመሸው፤ እሳቸውም ያወቁት ይመስለኛል፣ ግን አላነሡበትም።

በማግሥቱ ልጁ ፎልደሮቹን አፈረሰ። አሁን የሚደረድረው በዓመት አይደለም፣ ከበሮው በሚያርፍበት ቦታ ነው። ደንበኛ ሲደውልም «ምን ዓይነት ሙዚቃ?» ብቻ ብሎ አያልፍም። የሚወዷቸውን ሦስት ዘፈኖች በስም ያስጠራቸዋል። አንዷ እናት ዲስኮ ብለው አዘው ሦስቱም ሬጌ ሆነው ተገኙ፤ ሬጌ ይዘንላቸው ሄድን፣ ደስ አላቸው።

በሐበሻ ሠርግ ላይም ጠቀመን። ከዲስኮ ወደ ችክችካ ሲሻገር ቁጥሩ ስለተቀራረበለት ብቻ ያጋጥማቸው ነበር። ችክችካ ግን በስድስት ነው የሚቆጠረው፤ ያ አራት እኩል እግር እላዩ ላይ ሲመጣ እስክስታው ይበላሻል፣ ትከሻው የቱን እንደሚከተል ይጠፋዋል። አሁን አያደባልቃቸውም። ዲስኮውን ቆርጦ ለሚዜዎቹ ማይክራፎን ይሰጣል። እነሱ ጮኸው ሲያበቁ ችክችካውን ከመጀመሪያው ይለቀዋል።

አለቃችን ግን የራሱ ላፕቶፕ አለው። እዚያ ላይ አሁንም «ሰባዎቹ» የሚል ፎልደር ተቀምጧል፣ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም።