ያላሳየኋቸው ቁልፍ

በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ጨዋታዎችን በቀጥታ በሚያስተላልፍ ቡድን ውስጥ በረዳት የድምፅ ባለሙያነት ስሠራ፣ ሜዳው ዳር ባለው የኮሜንታተሮች ጠረጴዛ ላይ ማይክሮፎንና የጆሮ ማዳመጫ አዘጋጅቼ ለሚቀመጡት ሰዎች አጠቃቀሙን የማስረዳው እኔ ነበርኩ። አንድ የጥር ምሽት የመጡት ተንታኝ ከረጅም ዘመን የኮሌጅ አሰልጣኝነት በኋላ በቅርቡ ከሥራ የተሰናበቱና ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ሁላችንም «ኮች» እያልን ነበር የምንጠራቸው።

ማዳመጫውን ሳስተካክልላቸው ከአሰልጣኝነት ወደ ቴሌቪዥን ተንታኝነት የተሻገሩትን የዲክ ቫይታልን ነገር አነሡልኝ። ቫይታል ያሠለጠኑት የዲትሮይት ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1976–77 የውድድር ዘመን 21 ጨዋታዎችን በተከታታይ ሲያሸንፍ፣ ከተሸነፉት አንዱ በዚያው ዓመት በአል ማክጓየር መሪነት የአገሪቱ ሻምፒዮን የሆነው የማርኬት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነበር። ማክጓየር ዋንጫውን ይዘው፣ በገዛ ፈቃዳቸው አሰልጣኝነቱን ትተው ወደ ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ተንታኝነት ሄዱ። ቫይታልን ግን ከዩኒቨርሲቲው በኋላ ያሠለጠኑት የኤንቢኤ ቡድን ዲትሮይት ፒስተንስ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1979 አሰናበታቸው፤ ወር ሳይሞላ ዲሴምበር 5 ቀን፣ በዚያው ዓመት ሥርጭት በጀመረው የስፖርት ቴሌቪዥን ጣቢያ ኢኤስፒኤን ላይ የዲፖል ዩኒቨርሲቲ ቡድን ዊስኮንሲንን 90 ለ77 ያሸነፈበትን ጨዋታ ተነተኑ። «ማክጓየር ተሸኝተው ነው የወጡት፤ እኔ ግን እንደ ቫይታል ተባርሬ ነው የመጣሁት» አሉኝ ኮች።

በጠረጴዛው ላይ ባለው የድምፅ ሳጥን አንድ ቁልፍ አለ። ተንታኙ ተጭኖ እስከያዘው ድረስ ድምፁ ከሥርጭቱ ይቋረጥና ውጭ በቆመው የሥርጭት መኪና ውስጥ ላለው ፕሮዲዩሰር ብቻ ይደርሳል፤ ፕሮዲዩሰሩ በጆሮ ማዳመጫው ሲጠይቀው ሳይጫነው ከመለሰ ግን ተመልካቹ ሁሉ ይሰማዋል። ይህን ቁልፍ አላሳየኋቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌላውን ሲያስተምሩ የኖሩትን ሰው እንደ ጀማሪ ማስረዳት ድፍረት መሰለኝ፤ ወጋቸውን ማቋረጡም ከበደኝ። «የሚያስፈልግዎ ነገር አለ?» ብዬ ጠይቄ፣ የለም ሲሉኝ ተነሣሁ። ቁልፉ መኖሩን የማያውቁ ሰው ምን ብለው ይጠይቁኝ?

በመጀመሪያው አጋማሽ የእንግዳው ቡድን ዋና ተጫዋች ተቀያሪ ወንበር ላይ ብዙ በመቆየቱ ፕሮዲዩሰሩ በጆሯቸው ምክንያቱን ጠየቃቸው። ኮች ጠዋት የቡድኑ ልምምድ ላይ ተገኝተው ነበር፤ አሰልጣኙም እንደ ቀድሞ የሙያ ባልደረባ አምነው የልጁን ሕመም ነግረዋቸዋል። «ጉልበቱን አሞታል፤ ግን የአደራ ነገር ስለሆነ እንዳንናገረው» ብለው መለሱ። ቃሉ በሙሉ በአየር ላይ ዋለ።

ከአሰልጣኝነት የመጣ ተንታኝ ከሌላው የሚበልጠው ጨዋታውን በማወቁ ብቻ አይደለም። አሰልጣኞች የልምምድ በራቸውን የሚከፍቱለት፣ የትኛው ነገር መነገር እንደሌለበት ያውቃል ብለው ነው። እኔ በይሉኝታ ዝም ያልኩት አንዲት ደቂቃ ኮች በመጀመሪያ ሥራቸው ላይ ይህን እምነት አሳጣቻቸው፤ አንድ ወጣትም ጉልበቱን የደበቀው ከተጋጣሚው ሆኖ ሳለ ሕመሙ በአደባባይ ተነገረበት።

በእረፍት ሰዓት ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለፕሮዲዩሰሩ ተናገርኩ። ጨዋታው ሲያልቅ ኮች ወደ እንግዳው ቡድን መልበሻ ክፍል ሲሄዱ ተከትያቸው፣ «ቁልፉን ያላሳየኋቸው እኔ ነኝ» ልል አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝና፣ «አደራውን የሰጡት ለእኔ ነው» አሉ። አሰልጣኙ ይቅርታውን ቆመው ሰሙ፤ እጃቸውን ግን አልዘረጉም። እስከ ውድድር ዘመኑ ፍጻሜም የጠዋት ልምምዳቸውን ለማንኛችንም አልከፈቱም።

ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው ላይ ስንት ዓመት የሠራ ሰው ቢቀመጥ ቁልፉን ራሱ ተጭኖ ከመኪናው መልስ ሳያገኝ አልነሣም። ኮችም በሳምንቱ ሲመጡ፣ ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ «መጀመሪያ እርሱን አሳየኝ» አሉኝ።