በፍልሰታ ሌሊት የጎበኘኝ አምላክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወገኖቼ፣ ይህን ምስክርነት ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። መጻፍ ስጀምር እንባዬ ይቀድመኛል። ሰሞኑን ግን እማዬ፣ "ስለቱን አድርሰናል፤ አፍህ ግን ገና አላደረሰም" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ኳስ ተጫዋች ነኝ። ሐዋሳ ተወልጄ ያደግኩ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ መሀል ሜዳ የምጫወት አማካይ። ኳስ ለማትከታተሉ ላስረዳ። አማካይ ብዙ ጊዜ ጀርባውን ለተጋጣሚ ጎል ሰጥቶ ነው ኳስ የሚቀበለው። ከመቀበሉ በፊት አንገቱን አዙሮ ያያል። ከዚያ በአንድ እግሩ ቆሞ ይዞራል። እንጀራው መዞር ነው። ሲዞር ጉልበቱን የምትይዝለት ደግሞ ውስጥ ያለች አንዲት ጅማት ናት፤ ኤሲኤል ይሏታል። ከትንሿ ጣት አትበልጥም።

የእኔ የተበጠሰችው ድሬዳዋ ላይ ነው። 2013 ዓ.ም. ነበር። በኮሮና ምክንያት ፕሪምየር ሊጉ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ የተካሄደበት፣ ጨዋታውም በዲኤስቲቪ መታየት የጀመረበት ዓመት። ዘመድ አዝማድ በቴሌቪዥን ያየናል ብለን ደስታችን ልዩ ነበር። ወድቄ ስጮህም በቴሌቪዥን አዩኝ። ማንም አልነካኝም። ኳሷ ከግራ ተከላካያችን መጣች፣ ተቀበልኩ፣ ዞርኩ። ታኬታዬ መሬቱን ያዘ። ሰውነቴ ሄደ፣ እግሬ ቀረ። "ቷ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አጠገቤ የነበረው የተጋጣሚ ልጅም ሰምቶ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

ወጌሻችን በረዷቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ። "አይዞህ የኔ ልጅ፣ አትነሳ" አሉኝ። ጉልበቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳብ ሲያደርጉት ፊታቸው ተለወጠ። ያኔ ገባኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልክዎ ለእኔ ተዘግቶ አያውቅም።

እማዬ ሐዋሳ ቤት ሆና ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበረከከች። "የቁልቢው ገብርኤል፣ የወደቀው ደጅህ አጠገብ ነው። አንሳልኝ፤ ይዤው እመጣለሁ" ብላ ተሳለች። ይህን የነገረችኝ በኋላ ነው።

ኤምአርአይ ተነሣሁ። ጅማቷ ሙሉ በሙሉ ተበጥሳለች፣ ሜኒስከሱም (በጉልበት አጥንቶች መሀል ያለው ልም አጥንት) ተቀዷል ተባለ። በርሊን የተወለደውን የኛን ልጅ ጌዲዮን ዘላለምን አስታወስኩ። አርሰናል በነበረ ጊዜ ሰፈር ውስጥ "እኔ ጌዲዮን ነኝ" እየተባባልን እንጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ለአሜሪካ ከ20 ዓመት በታች ቡድን በዓለም ዋንጫ ሲጫወት የተበጠሰችበት ይህችው ጅማት ናት። ዜናውን ስሰማ አዝኜለት ነበር። በራሴ ላይ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ኦፕራሲዮን ተደረግኩ። ከጭኔ ጀርባ ጅማት ወስደው፣ አጥንቴን በስተው፣ በተበጠሰችው ቦታ ተኩልኝ። ሐኪሙ "ዘጠኝ ወር ሳይሞላ ጨዋታ የለም" አለ። ክለቡ ግን ወራጅ ቀጠና ውስጥ ነበር። ደሞዜ ከቆመ ቆይቷል፣ ኮንትራቴም ሊያልቅ ነው። "ትንሽ ደቂቃ ብቻ ትገባለህ" ተባልኩ። ዘጠኝ ወሩ ሳይሞላ ወደ ልምምድ መለሱኝ። እዚያው ልምምድ ላይ ያ ድምፅ እንደገና ተሰማ። ያው ጉልበት። በዚህ ጊዜ አልጮህኩም። ሳሩ ላይ ተጋድሜ ሰማዩን አየሁ።

አሁን የምናገረውን ወገኖቼ በፍቅር አንብቡልኝ። እግዚአብሔርን ተቆጣሁት። "ሜዳ የምገባው አማትቤ ነው። ጎል ባገባ እጄን የማነሳው ወደ አንተ ነው። ሌሊት ሲጨፍር የሚያድረው ጓደኛዬ ይሮጣል፣ እኔ ክራንች ይዣለሁ። ምን አድርጌህ ነው?" አልኩት። ሰው "ለበጎ ነው" ሲለኝ ደሜ ይፈላ ነበር። ቤተ ክርስቲያን መሳለም ተውኩ። እማዬ ስትጸልይ ክፍሌን እዘጋለሁ። ብዙ ወር እንደዚህ አለፈ።

ሁለተኛው ኦፕራሲዮን በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ አዲስ አበባ ተሠራልኝ። ከሆስፒታል ወጥቼ ሳሪስ አክስቴ ቤት አረፍኩ። እማዬ እኔን ልታስታምም ከሐዋሳ መጣች። ፍልሰታ ገባ። ሌሊት ሌሊት የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ሰዓታቱን እስከ መኝታዬ ያመጣዋል። እኔ ትራሱን ጆሮዬ ላይ እጭን ነበር።

ያቺ ሌሊት እንዲህ ጀመረች። ማታ ላይ ብርድ ብርድ አለኝ። ክረምት ነው ብለን ዝም አልን። ብርድ ልብስ ደረቡልኝ፤ ጥርሴ መንቀጫቀጡን አላቆመም። ከዚያ ሙቀቱ መጣ። ጉልበቴ ተነፍቶ ቆዳው ያብለጨልጫል። አክስቴ እጇን ስፌቱ አጠገብ አድርጋ ወዲያው አነሳችው። "እሳት ነው እኮ!" አለች። እማዬ ዝም ብላ ነጠላዋን አጣፋች።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ወጌሻችን ጋ ደወልን። በአንድ ጥሪ አነሡ። "ሕመሙ እየቀነሰ ነበር ወይስ እየጨመረ?" አሉኝ። "ቀንሶ ነበር፣ ዛሬ ግን መንካት እንኳ አልቻልኩም" አልኳቸው። "አሁኑኑ ሆስፒታል! ጠዋት እንሄዳለን እንዳትሉ!" ብለው ጮኹ። እኚያ ሰው ጮኸው አያውቁም። ያን ጩኸት እግዚአብሔር ነው ያስጮሃቸው እላለሁ። ጉልበት ውስጥ የገባ መግል በቀናት ውስጥ አጥንት የሚሸፍነውን ልም አካል ይበላል። በእኛ ሐሳብ ቢሆን ጠዋትን ጠብቀን ነበር።

ዝናቡ ይወርዳል። ራይድ ጠራን፤ ሁለቱ ሰረዙብን። ሦስተኛው መጣ። ወጣት ልጅ ነው። በር ላይ ሲያየኝ ወርዶ ተሸከመኝ፣ ኋላ ወንበር ላይ አጋደመኝ። እግሬ እንዳይናወጥ ጉድጓዱን ሁሉ እየዞረ ነዳ። ስንደርስ እማዬ ብር ስታወጣ "እናቴ፣ ይሄማ አይሆንም። አላህ አፊያ ያድርገው" ብሎ ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅንም። ወንድሜ፣ ይህ ከደረሰህ እናቴ እስከ ዛሬ በጸሎቷ ታነሳሃለች።

ተረኛው ሐኪም ጉልበቴ ላይ መርፌ አስገብቶ ሳበ። በሲሪንጁ ውስጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ መውጣት ነበረበት። የወጣው እንደ እርጎ የወፈረ ነው። ሐኪሙ አልተናገረም፤ ሲሪንጁን ለነርሷ ሰጥቶ ስልኩን አነሣ። ቀዶ ሐኪሙ በዚያ ሌሊት፣ በዚያ ዝናብ ከቤቱ መጣ። ጃኬቱ ረጥቦ ነበር። እግዚአብሔር ዘመኑን ይባርክ።

የስምምነት ወረቀት ለእማዬ አቀረቡላት። ስሟን ግማሽ ጽፋ ቆመች።

"ዶክተር፣ እግሩን ልትቆርጡት ነው?"

"አይ እማማ። ጉልበቱን ከፍተን እናጥበዋለን። አዲሱ ጅማት ከተበላሸ እናወጣዋለን። ኢንፌክሽኑ ወደ ደሙ ከገባ ግን ለሕይወቱም ያሰጋል። አሁን ስለ ኳስ አናወራም።"

ስሟን ጨረሰች።

የቀዶ ሕክምናው ክፍል እስኪዘጋጅ ኮሪደር ላይ ቆየን። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ለእኔ ሌሊቱ እዚያ ቆሟል። መብራቱ ዓይኔን ይወጋኛል። እማዬ ዳዊቷን አውጥታ በሹክሹክታ ታነባለች። "እማዬ ተይው። አይሰማም" አልኳት። እንደዚያ ማለቴን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። አልተቆጣችኝም። "ይሰማል ልጄ። የሆድህን ንገረው፤ ዳዊትም እንዲሁ ነበር የሚያናግረው" አለችኝና ገልጣ አነበበችልኝ። "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ? እስከ መቼስ ፊትህን ከእኔ ትሰውራለህ?"

ወገኖቼ፣ እኔ በቁጣ ስለው የከረምኩት ቃል ከሺህ ዓመታት በፊት ተጽፎ ነበር። ያኔ ተሰበርኩ። አለቀስኩ። አለቃቀሴ አንዲት አልጋ የምትገፋ ሴትዮ አስቆማት።

ወጌሻችን መልሰው ደወሉ። ድምፃቸው ረጋ ብሏል። "ካዞርላን ታውቀዋለህ አይደል?" አሉኝ። እንዴት አላውቀውም! አርሰናል የነበረው ሳንቲ ካዞርላ፣ በሁለቱም እግሩ የሚጫወት አማካይ። ቁርጭምጭሚቱ ውስጥ ባክቴሪያ ገብቶ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል የአኪለስ ጅማቱን በላው። ከልጁ ጋር ግቢ ውስጥ መራመድ ከቻልክ ተመስገን በል ብለውት ነበር። ከክንዱ ቆዳ ተወስዶ እግሩ ላይ ተለጠፈለት፤ ክንዱ ላይ ከተነቀሰው የሴት ልጁ ስም ከፊሉ አብሮ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2018 በቪያሪያል ማልያ ሜዳ ገባ። በቀጣዩ ዓመት ለስፔን ብሔራዊ ቡድን ተጠራ። "እሱን ያስነሳ አምላክ የሐዋሳውን ልጅ አይረሳም" አሉኝ ጋሼ።

እኔ ግን ያን ሰዓት ስለ ሜዳ መለመን አልቻልኩም። ልጅ ሆኜ ጀምሮ ጸሎቴ ሁሉ ኳስ ነበር። ቡድን ስጠኝ፣ ጎል ስጠኝ፣ ብሔራዊ ቡድን አስጠራኝ። ያን ሌሊት ከአፌ የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ጌታ ሆይ፣ እናቴ እንዳትቀብረኝ።"

ወደ ውስጥ ሲገፉኝ አንዲት ነርስ ጎንበስ ብላ "ስመ ክርስትናህ ማን ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። ጭምብሏ ከንፈሯ ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁ። "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" እያልኩ ማደንዘዣው ወሰደኝ።

ስነቃ ነግቷል። መጀመሪያ እጄን ሰድጄ እግሬን ነካሁ። አለ። ሐኪሙ መጥቶ "ትኩሳቱ ወርዷል። ጅማቱንም አየነው፤ ይዟል፤ አላወጣነውም" አለኝ። ቀጥሎም፣ "ጥቂት ሰዓት ብትዘገዩ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው" አለ። እማዬ ወለሉ ላይ ወድቃ ሰገደች። "ልቅሶ ማታ ይመጣል፥ ጥዋት ግን ደስታ ይሆናል።" ይህን ቃል ያን ጠዋት በዓይኔ አየሁት። ስብሐት ለእግዚአብሔር!

ጉልበቴ እንደገና ታጠበ፣ ለሳምንታት በደም ሥር መድኃኒት ወሰድኩ፣ ክራንች፣ ፊዚዮቴራፒ፣ መውደቅ፣ መነሣት፤ እንዲሁ እያለ ከዓመት በላይ ሄደ። ክለቡ ኮንትራቴን አላደሰም። በዚያ ጊዜ ቤቴን ላስተዳደረችው እህቴ፣ ታክሲ እንዳልከፍል ወደ ፊዚዮቴራፒ ሲያመላልሰኝ ለከረመው የቡድን ጓደኛዬ፣ እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈል።

ከዚያ ከፕሪምየር ሊጉ አንድ ደረጃ ዝቅ ካለው ከከፍተኛ ሊግ አንድ ቡድን "ና እንይህ" አለኝ። በመጀመሪያው ጨዋታ ተቀይሬ ልገባ መስመሩ ላይ ቆሜ ማልያዬን ሳስተካክል የኢሳይያስ ቃል ሳልጠራው መጣልኝ። "ይሮጣሉ፥ አይታክቱም፤ ይሄዳሉ፥ አይደክሙም።" ገባሁ። ኳስ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀበልኩ። ዞርኩ። ጉልበቴ ያዘኝ። ጨዋታው ሲያልቅ ሜዳው ላይ ተንበርክኬ ያንኑ ጉልበት መሬት አስነካሁት።

ሁሉ ነገር እንደ ድሮው ሆኗል ብዬ አልዋሽም። ከዚያ ወዲህ ቋንጃዬን ሁለቴ ተጎድቻለሁ። ብርድ ሲሆን ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል፤ ዘጠና ደቂቃ የምጨርሰው አልፎ አልፎ ነው። ያዕቆብ ከእግዚአብሔር ጋር ታግሎ ተባርኮም እያነከሰ ነው የሄደው። እኔም ታግዬዋለሁ። ባርኮኛል።

ታኅሣሥ 19 ቀን ከእማዬ ጋር ቁልቢ ወጣን። ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣበት ቀን ነው። ከመኪና ወርደን የመጨረሻውን ዳገት በእግራችን ሄድን። እሷ ለስለት የገዛችውን ዣንጥላ ይዛለች። ሕዝቡ ሲጋፋ እኔ ነበርኩ ክንዷን የምደግፈው። ደጁ ስንደርስ "ይኸው፣ ይዤው መጣሁ" አለች።

አንድ ልመና አለኝ። በእኛ ቡድን ያለ ገና ወጣት አማካይ ባለፈው ሳምንት ያችው ጅማት ተበጥሳበታለች። ኦፕራሲዮኑ ተቀጥሮለታል፤ ገንዘቡን ተጫዋቾች እያዋጣን ነው። አሁን ማንንም ማናገር አይፈልግም፤ እግዚአብሔርንም ጭምር። እኔ በየማታው እደውልለታለሁ፤ ባያነሣም እደውላለሁ። እናንተ በጸሎታችሁ አስቡት። "ያ አማካይ ልጅ" ብትሉ ይበቃል፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል።