የትኛው ሌንስ ይመለስ?

አንድ የፎቶ ስቱዲዮ ያገለገሉ ሁለት 24–70 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ዙም ሌንሶች ያመጣል። ሚሊሜትሩ ሲያንስ እይታው ይሰፋል፣ ሲበዛ ያቀርባል፤ ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ (አፐርቸር) ልክ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ሞዴላቸው አንድ ነው። ስምምነቱ ሁለቱንም ሞክሮ አንዱን ማስቀረት፣ ሌላውን ለሻጩ መመለስ ነው። ሥራው ለረዳቱ ተሰጠ። ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጠፈ፣ ካሜራውን ከግድግዳው 2.5 ሜትር አርቆ ትራይፖድ ላይ አሰረ፤ «ሀ» ብሎ ምልክት ያደረገበትን ሌንስ ገጥሞ በ70 ሚሊሜትር በኤፍ 2.8፣ በ4፣ በ5.6 እና በ8 አነሳ። ከዚያ ሌንሱን ፈትቶ «ለ»ን ገጠመና ያንኑ ደገመ። ፎቶዎቹ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የሚያከራክር ነገር አልነበረም። የ«ሀ» ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል፤ የ«ለ» ግን በኤፍ 2.8 የግራው አንድ ሦስተኛ ደብዝዟል። «ለ» ይመለስ ተባለ፣ ካርቶኑም ወጣ።

ዋናዋ ፎቶግራፍ አንሺ ፎቶዎቹን አይታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «እስቲ ትራይፖዱን ሳትነካ ‹ሀ›ን መልሰህ ግጠመውና ድገመው።»

ሁለተኛው የ«ሀ» ፎቶም ግራው ደብዝዞ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌንስ ሲፈታና ሲገጠም ይጠመዘዛል፤ የትራይፖዱ ራስ ጠብቆ ካልታሰረ ጥምዘዛው ካሜራውን ይዞት ይዞራል። ብዙ መዞር አያስፈልገውም። በ70 ሚሊሜትር፣ ከ2.5 ሜትር ርቀት፣ ሙሉ ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ የሚያየው የግድግዳ ስፋት 1.3 ሜትር ገደማ ነው። ካሜራው 3 ዲግሪ ብቻ ቢዞር የፍሬሙ ዳር ከፎከስ መስመሩ (ሌንሱ አጥርቶ ከሚያይበት ርቀት) ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ይወጣል። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ ፎቶው መቶ በመቶ ተከፍቶ ሲታይ ደግሞ ኤፍ 2.8 የሚታገሠው ፊትና ኋላ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ኤፍ 8 ላይ ትዕግሥቱ ወደ 6 ሴንቲሜትር ስለሚሰፋ ብዥታው ይጠፋል። ረዳቱ በመጀመሪያው ዙር የለካው የሌንሶቹን ልዩነት ሳይሆን የትራይፖዱን መዞር ነበር።

የመጀመሪያውን ሌንስ መጨረሻ ላይ መድገም ከማንኛውም የሙከራ ቻርት ይበልጣል፤ ውድ ቻርት የሚገዙ ሰዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚዘሉት ይህንኑ ነው። ሁለቱ የ«ሀ» ዙሮች እርስ በርሳቸው የሚለያዩት «ሀ» ከ«ለ» የሚለየውን ያህል ከሆነ፣ ያ ሙከራ ስለ ሌንስ ምንም አይናገርም፤ ተጥሎ እንደገና ይጀመራል።

ሁለተኛው ዙር በመስታወት ተጀመረ። ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት በጋዜጣው መሐል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይለጠፋል፤ በካሜራው ስክሪን ሲታይ የሌንሱ ነጸብራቅ በትክክል የፍሬሙ መሐል ላይ ካረፈ ሴንሰሩ፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ነው። ሌንስ በተቀየረ ቁጥር ይህ ይፈተሻል፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የሌንሱ ነጸብራቅ እስከታየበት ድረስ መስታወቱ ከጋዜጣው መሐል ትንሽ ፈቀቅ ቢል ግድ የለም፣ ከግድግዳው ጋር አለመጣበቁ ግን ሁሉንም ያበላሻል።

የቀረው የተለመደው ጥንቃቄ ነው። ስታቢላይዘሩ (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክሰው) ጠፋ፣ አይ ኤስ ኦ (የካሜራው የብርሃን ትብነት) 100 ላይ ተቀመጠ፣ ሹተሩ በ2 ሰከንድ ታይመር እንዲነሳ ተደረገ። የመስኮቱ መጋረጃ ተዘግቶ መብራት ተተከለ። በመጀመሪያው ዙር ደመና እየመጣ ሲሄድ አንዳንዱ ፎቶ ፈካ ብሎ ነበር፤ ፈካ ያለ ፎቶ ደግሞ ከእኩያው ይልቅ የጠራ ይመስላል። ሁሉም በሮው (ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ) ፋይል ተነሳ፤ ፕሮግራሙ ሳይጠየቅ የሚያደርገው የሌንስ እርማትም ተዘጋ፣ ጠርዝ ላይ ያለውን ጉድለት ይሸፍናልና። ፎከሱ በእጅ፣ ስክሪኑ 10 ጊዜ ጎልቶ፣ ለእያንዳንዱ አፐርቸር ሦስት ጊዜ እንደገና ተስተካከለ። ከሦስቱ የተሻለው ብቻ ይወሰዳል። አንድ ጊዜ ብቻ ፎከስ አድርጎ ሌንስ ላይ መፍረድ የአንሺውን እጅ መፈተን ነው።

ይህ ሁሉ ሲደረግ የ«ለ» ግራ ጠራ። በ24 ሚሊሜትር ግን ሌላ ነገር ታየ፤ የ«ሀ» የላይኛው ቀኝ ጥግ እስከ ኤፍ 5.6 ድረስ ለስልሷል፣ ማለትም ጥራቱን አጥቷል። በመጀመሪያው ዙር በ70 ብቻ ስለተነሳ ይህ ጨርሶ አልታየም። ዙም ሌንስ ቢያንስ በሁለቱ ጫፎችና በመሐል መፈተን አለበት፤ የሌንሱ የውስጥ መስታወቶች ዙም በተደረገ ቁጥር ቦታ ስለሚቀይሩ አንዱ ጫፍ ደህና ሆኖ ሌላው ሊታመም ይችላል።

አሁንም ጥፋቱ የሌንሱ ነው ወይስ የአቀማመጡ የሚለው መለየት ነበረበት። ካሜራው ተገልብጦ፣ ጭንቅላቱ ወደ ታች ሆኖ ታሰረ፣ መስታወቱም እንደገና ታየ። ብዥታው ያው የጋዜጣው ክፍል ላይ ቢቀር ኖሮ ጥፋቱ የግድግዳው ወይም የአቀማመጡ በሆነ ነበር። አልቀረም፤ ከካሜራው ጋር ተገልብጦ ወደ ጋዜጣው ተቃራኒ ጥግ ሄደ። ስለዚህ የሌንሱ ነው። ከዚያ ፎከሱ በዚያው ጥግ ላይ ተደረገ። አራቱም ጥጎች እኩል ለስልሰው፣ ጥጉ ላይ ፎከስ ሲደረግ የሚጠሩ ቢሆን የሞዴሉ ጠባይ ነው ይባላል፤ የፎከሱ ወለል ጠፍጣፋ ሳይሆን ጎበጥ ያለ ሌንስ እንዲህ ያደርጋል፣ ሌላ ተመሳሳይ ሌንስ ቢመጣም አይለወጥም። «ሀ» ግን አንድ ጥጉ ብቻ ነበር የለሰለሰው፣ ፎከስ ሲደረግበትም ሙሉ በሙሉ አልጠራም። ይህ ከሌንሱ የውስጥ መስታወቶች አንዱ ከመሐሉ ፈቀቅ ያለበት ሌንስ ምልክት ነው፤ ያገለገለ ሌንስ ላይ ወድቆ እንደነበር ያስጠረጥራል።

«ለ»ም ንጹሕ አልነበረም። በ70 ሚሊሜትር በኤፍ 2.8 መላው ፍሬም ላይ ስስ ጭጋግ የመሰለ ልስላሴ አለው፤ በኤፍ 4 ይገፈፋል። ረዳቱ እዚህ ላይ አመነታ፤ በ70 እና በኤፍ 2.8 «ሀ» በግልጽ ይሻላልና።

መልሱ ያለው ሥራው ላይ ነው። ስቱዲዮው በ24 እና በ35 የሚያነሳው በረድፍ የቆሙ ሰዎችን ነው፣ ብዙውን ጊዜ በኤፍ 5.6። የላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ የሚቆም ሰው ሁልጊዜ ይኖራል፤ ፊቱ ከሌሎቹ ደብዝዞ ከወጣ ደንበኛው ፎቶውን ይመልሳል፣ በኤዲቲንግም አይጠገንም። በ70 የሚነሳው ግን የአንድ ሰው ፊት ነው። እዚያ ሙሉ ፍሬሙን እኩል የሚሸፍን ስስ ልስላሴ ኮንትራስት በመጨመር ይስተካከላል፣ አንዳንዱ ደንበኛ እንዲያውም ይወደዋል።

ከመወሰኑ በፊት የፋይሎቹ ስም ተቀይሮ፣ የትኛው ከየትኛው ሌንስ እንደመጣ የማያውቅ ሦስተኛ ሠራተኛ በረድፍ ከቆሙ ሰዎች ፎቶዎች መካከል እንዲመርጥ ተደረገ። እሱም የመረጠው የ«ለ»ን ነበር።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። በ2.5 ሜትር ደህና የሆነ ሌንስ በሩቅ ደህና ላይሆን ይችላል። «ለ» ጠዋት፣ ፀሐዩ አየሩን አሙቆ ሳያንቀጠቅጠው፣ ወደ ሩቅ ሕንፃ ተደግኖ አራቱም ጥጎቹ ታዩ። እኩል ወጡ። «ሀ» ከመደበኛውና ከተገለበጠው ፎቶ ጋር ተመለሰ፤ ሻጩ «አቀማመጣችሁ ይሆናል» ለማለት ቀዳዳ አላገኘም።