የጠፋው የአሻራ ማሽን

በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ አንድ መሥሪያ ቤት፣ የጣት አሻራ ማሽኑ ከሰርቨሩ ጋር እየተቆራረጠ የሠራተኛው የመግቢያ ሰዓት አልደርስ ብሎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ለመስክ ወደ ጎርጎራ በሚሄዱባቸው ቀናት ግን ያለ እንከን ይሠራል፤ ይህንን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

የመሥሪያ ቤቱ አማካሪ ፒንግ አድርገው (በኔትወርኩ «አለህ?» የሚል መልእክት ልከው) መልስ ሲያጡ፣ «ማሽኑ ሞቷል፤ አዲስ ይገዛ» አሉ። እኔም፣ «ጋሼ፣ ከመገዛቱ በፊት በኤአርፒ ልጠይቀው» አልኋቸው። እሳቸውም በሰው ፊት፣ «የሞተን ሰው በሌላ ስሙ ብትጠራው ይነሣልሃል?» ሲሉ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሳቁን እስካሁን አልረሳሁትም።

ፒንግን አንድ መሣሪያ ሰምቶ እንዳልሰማ ሊያልፈው ይችላል፤ በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ግን «ይህ አድራሻ የማን ነው?» የሚለውን የኤአርፒ ጥያቄ የማይመልስ መሣሪያ በተለመደው አሠራር ከማንም ጋር ሊነጋገር አይችልም። በኔትወርክ ያሉ መሣሪያዎችን የሚያስሰው ኤንማፕ የተባለው ፕሮግራምም በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ሲታዘዝ አጠገቡ ያሉትን የሚፈልገው በዚሁ መንገድ ነው። ከኃላፊዋ የጽሑፍ ፈቃድ ተቀብዬ ትእዛዙን ስሰጠው የኔትወርኩን 254 አድራሻዎች ወዲያው ዳሰሰና የአሻራ ማሽኑን አድራሻ «አለ» ብሎ አወጣው፤ ከማክ አድራሻው (ፋብሪካው ለመሣሪያው ከሚሰጠው መለያ ቁጥር) የመጀመሪያ 3 ባይት ተነሥቶ የጻፈው የአምራች ስም ግን የቴሌቪዥን ፋብሪካ ስም ነበር። ያንኑ አድራሻ የኤአርፒ ጥያቄ በሚልከው በአርፒንግ ፕሮግራም ብጠይቀው ሁለት የተለያዩ ማኮች መለሱልኝ።

ያንኑ አድራሻ የያዘው ሁለተኛው መሣሪያ በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ነበር። እሳቸው ገብተው ሲከፍቱት ሰርቨሩ ለማሽኑ የሚልከውን ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ይልካል፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ለፒንግ መልስ አይሰጥም። በቴሌቪዥኑ ላይ አድራሻውን በእጁ የሞላው ማን እንደሆነ እኔ አልጠየቅሁም፤ ጸሐፊዋ ግን ቴሌቪዥኑ የተገጠመ ዕለት ለአማካሪው ቡና ማቅረቧን ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

የሥራ አስኪያጁን ቴሌቪዥን ለመንካት የደፈረ ስላልነበረ አድራሻ የቀየረው የአሻራ ማሽኑ ሆነ። ችግሩ «በአማካሪው በተደረገ ጥልቅ ፍተሻ» መፈታቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ወጣ። ሠራተኛው ግን ማርፈዱ መመዝገብ የጀመረው በማን ምክንያት እንደሆነ በሚገባ ያውቃል፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ መሥሪያ ቤት በሙሉ ልቡ ሰላም የሚለኝ ጥበቃው ብቻ ነው፤ እሱ አሻራ አይሰጥም።