ከበሩ ሁለቴ ተመልሻለሁ

መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚገናኙበት ስብሰባ የት እንደሆነ ለማግኘት አምስት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ፤ በሩን ለመግፋት ግን ሦስት ሳምንት። ሁለቴ ደጃፉ ድረስ ሄጄ ስልክ የማወራ መስዬ ተመልሻለሁ። የማውቀው ሰው ቢያየኝስ ብዬ። (ሰክሬ ስንገዳገድ ያየኝ ሰው ሁሉ ያኔ ትዝ አላለኝም!)

ስብሰባው የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነው፤ መጠጥ ለማቆም እርስ በርስ የሚደጋገፉ ሰዎች ማኅበር ሲሆን ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። የአባልነት ክፍያ የለም፣ መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ይበቃል። ስብሰባ ስትፈልጉ «ክፍት» እና «ዝግ» የሚል ታያላችሁ። ክፍቱ ላይ ቤተሰብም ጓደኛም መግባት ይችላል፤ ዝጉ መጠጥ ላስቸገረን ብቻ ነው። በአካል መሄድ ከከበዳችሁ በኢንተርኔት የሚካሄድም አለ።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ቀጥ ሲያደርገው ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱን ስቶ እስከመውደቅም ሊደርስ ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪም ያማክር።

የመጀመሪያ ቀን ትንፍሽ አላልኩም። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ሻይ ቀዱልኝ፣ ብርጭቆውን ግን ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የሞሉት። ምንም አላሉኝም። ገባኝ።